የኤሊ ቆጣሪዎቹ ሌሊት፦ በጎ ፈቃደኞች በቶርቱጌሮ የባሕር ዳርቻ

(የፕሮግራሙ መለያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይሰማል፤ ከዚያ ዝቅ እያለ ይጠፋል)

የዛሬው ዝግጅታችን የባሕር ኤሊዎችን ለመጠበቅ ሌሊቱን አሸዋ ላይ ሲመላለሱ ስለሚያድሩ በጎ ፈቃደኞች ነው። ቦታው ሩቅ ነው። መካከለኛው አሜሪካ፣ ኮስታ ሪካ ውስጥ፣ ቶርቱጌሮ የምትባል መንደር አለች። በአንድ ወገን የካሪቢያን ባሕር፣ በሌላው ወገን ወንዝ፣ ከወንዙ ማዶ ጥቅጥቅ ያለ ደን። የመኪና መንገድ አይገባባትም፤ የሚደረስባት በጀልባ ወይም በትንሽ አውሮፕላን ነው። በዓመት ከ5 ሺህ ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ይወርድባታል፤ አዲስ አበባ ከምታገኘው 4 እጥፍ ገደማ ማለት ነው።

እዚህ ቦታ ላይ 35 ኪሎ ሜትር የሚሆን የባሕር ዳርቻ ተዘርግቷል። አሸዋው ጠቆር ያለ ነው። በየዓመቱ ከሰኔ ማብቂያ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ድረስ አረንጓዴ የባሕር ኤሊ የሚባለው ዝርያ በብዙ ሺህ እየሆነ እንቁላሉን ለመጣል ይወጣበታል። በአሜሪካ አህጉራት ዙሪያ ለዚህ ዝርያ ከቶርቱጌሮ የሚበልጥ የእንቁላል መጣያ ቦታ የለም።

ታዲያ በጎ ፈቃደኞቹ እዚያ ምን ይሠራሉ? ብዙ ሰው ሲያስበው ግልገል ኤሊ በእጁ ይዞ ወደ ባሕር የሚለቅ ሰው ይታየዋል። እውነተኛው ሥራ ግን ሌላ ነው። መራመድ፣ መጠበቅ፣ መለካት፣ መቁጠርና መመዝገብ ነው። ይህ ለምን እንዳስፈለገና ምን ውጤት እንዳስገኘ አብረን እንይ።

(አጭር ሙዚቃ)

በመጀመሪያ እንስሳዋን እንተዋወቅ። አንዲት ለአቅመ እናትነት የደረሰች አረንጓዴ የባሕር ኤሊ ርዝመቷ አንድ ሜትር ገደማ፣ ክብደቷም ከ100 ኪሎ በላይ ይሆናል። አረንጓዴ የተባለችው በውጭ ቅርፊቷ ሳይሆን ከውስጥ ባለው የስቧ ቀለም ነው። ዕድሜዋን የምታሳልፈው ባሕር ውስጥ ነው፤ ወደ የብስ የምትወጣው ለእንቁላል ብቻ ነው ማለት ይቻላል። የምትወጣውም የትም አይደለም፤ እሷ ራሷ ወደተፈለፈለችበት አካባቢ ትመለሳለች። ለዚህም የምድርን መግነጢሳዊ ኃይል እንደ አቅጣጫ መሪ እንደምትጠቀም ሳይንቲስቶች ደርሰውበታል።

ለእናትነት ለመብቃት 25፣ 30 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጅባታል። ከደረሰች በኋላም በየዓመቱ አትወጣም፤ 2 ወይም 3 ዓመት ታርፋለች። በወጣችበት ዓመት ግን በ12 ቀን ገደማ ልዩነት ደጋግማ ትወጣለች፤ በእያንዳንዱ ጊዜም 100 እና ከዚያ በላይ እንቁላል ትጥላለች። ይህን ያህል የምትጥለው ያለ ምክንያት አይደለም። ውሻ፣ ሸርጣን፣ አሞራ፣ ከባሕር ውስጥ ደግሞ ዓሣው ሁሉ ግልገሎቹን ሊበላቸው ይጠብቃል። እስከ እናትነት የሚደርሱት እጅግ ጥቂት ናቸው።

ይህን የ30 ዓመት ነገር እባካችሁ ያዙልኝ። ዛሬ ከአሸዋ የወጣች ግልገል ተርፋ፣ አድጋ፣ ተመልሳ እስክትመጣ ድረስ ዛሬ 20 ዓመቱ የሆነው በጎ ፈቃደኛ የ50 ዓመት ሰው ይሆናል። እንግዲህ በዚህ ሥራ የዘራ ሰው ሲታጨድ የማየት ዕድሉ ጠባብ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ታሪኩ እንሂድ። ከ70 ዓመት በፊት ቶርቱጌሮ የኤሊ መታረጃ እንጂ መጠበቂያ አልነበረም። ሰዎች የባሕር ዳርቻውን ተከፋፍለው በየድርሻቸው ሌሊት ያደባሉ። እንቁላል ልትጥል የወጣችውን ኤሊ ሲያገኙ በጀርባዋ ይገለብጧታል። የተገለበጠች ኤሊ ራሷን ማቃናት አይሆንላትም፤ እንደተንጋለለች ትቆያለች። በኋላ ተንሳፋፊ ግንድ አስረውባት ወደ ውሃው ይመልሷታል፤ ግንዱ ያለችበትን ያሳያልና ጀልባ መጥቶ ይለቅማታል። ሥጋዋና ስቧ በአውሮፓና በአሜሪካ የታወቀ የሾርባ ግብአት ነበር። ከባሕር ዳርቻው የምትታረደው እናቲቱ ስለሆነች፣ ከእሷ ጋር የሚጠፋው የሚመጡት ዓመታት እንቁላል ሁሉ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አርቺ ካር የሚባሉ የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕይወት መምህር እዚህ ቦታ ደረሱ። ስለ ባሕር ኤሊ የሚታወቀው ነገር በጣም ትንሽ ነበር። የት ትኖራለች? የት ትበላለች? ስንት ጊዜ ትወጣለች? እርግጠኛ መልስ የሚሰጥ አልነበረም። ካር ይህን ለማወቅ እ.ኤ.አ. በ1955 ኤሊዎች ላይ መለያ ቁጥር ማድረግ ጀመሩ። የመጀመሪያው ሙከራ አልሠራም። መለያውን በቅርፊቷ የኋላ ጠርዝ ላይ በሽቦ አሰሩት፤ ወንዱ በሚገናኛት ጊዜ እየፋቀ ጣለው። ቀጥሎ የመጣው መላ ለእኛ አገር አርቢ እንግዳ አይደለም፤ ለከብት ጆሮ ተብሎ የተሠራውን የብረት መለያ ወስደው በፊት እግሯ ላይ፣ ማለትም በመቅዘፊያዋ ጠርዝ ላይ ቆነጠጡት። ያኛው ያዘ። ቶርቱጌሮ ላይ ዛሬም የሚሠራው በዚያው መንገድ ነው።

በመለያው ላይ ቁጥርና አድራሻ፣ መልሶ ለሚልከውም ሽልማት እንዳለው የሚገልጽ ጽሑፍ ነበረበት። መለያዎቹ መመለስ ጀመሩ። በብዛት የተመለሱት ከየት መሰላችሁ? ከጎረቤት አገር ኒካራጓ፣ ኤሊ በማጥመድ ከሚተዳደሩ የሚስኪቶ ሕዝብ ዓሣ አስጋሪዎች ነው። በዚህም እንቁላሏን ኮስታ ሪካ የምትጥለው ኤሊ ቀለቧን ኒካራጓ ጠረፍ ካለው የባሕር ሣር እንደምታገኝ ታወቀ። አንድ አገር ብቻውን ሊጠብቃት እንደማይችል ያረጋገጠው ያ ትንሽ ቁራጭ ብረት ነው።

ካር እ.ኤ.አ. በ1956 ዘ ዊንድዋርድ ሮድ የተባለ መጽሐፍ አሳተሙ። መጽሐፉን ካነበቡት አንዱ ጆሹዋ ፓወርስ የሚባሉ ሰው ነበሩ። ወዳጆቻቸውን አሰባስበው የአረንጓዴው ኤሊ ወንድማማቾች የሚል ማኅበር መሠረቱ። ከዚያ እንቅስቃሴ እ.ኤ.አ. በ1959 የተቋቋመው ድርጅት ዛሬ ሲ ተርትል ኮንሰርቫንሲ ይባላል፤ አሁንም ቶርቱጌሮ ላይ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1975 የኮስታ ሪካ መንግሥት ቦታውን በብሔራዊ ፓርክነት በሕግ አጸናው። ካር እ.ኤ.አ. በ1987 አረፉ፤ ቆጠራው ግን አልተቋረጠም።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ ሌሊቱ ሥራ እንግባ። ቅኝቱ በሁለት ፈረቃ ነው። አንዱ ቡድን ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት፣ ሌላው ከእኩለ ሌሊት እስከ ሌሊቱ 10 ሰዓት ይራመዳል። ከፊት የሠለጠነ መሪ አለ፤ በጎ ፈቃደኞቹ በአንድ ሰልፍ ይከተሉታል። ልብሳቸው ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ ነው። ነጭ መብራት ክልክል ነው፤ ስልክም ቢሆን ከኪስ አይወጣም። ለሥራው አስፈላጊ ሲሆን ብቻ ቀይ መብራት ይበራል፤ ቀይ ብርሃን ኤሊዋን እንደ ነጩ አይረብሻትም። ዝናብ ቢመጣም ቅኝቱ አይቀርም።

መሪው የሚፈልገው ከባሕሩ ወደ ላይ የሚወጣ ሰፊ ዱካ ነው። ዱካው አንድ ከሆነ ኤሊዋ ገና የብስ ላይ ናት ማለት ነው። ሁለት ከሆነ ወጥታ ተመልሳለች። አንድ ዱካ ከታየ ሁሉም ባሉበት ይቆማሉ። መሪው ብቻውን፣ ከኋላዋ፣ በሆዱ እየተሳበ ምን ላይ እንዳለች ያያል። ቦታ እየመረጠች ወይም እየቆፈረች ከሆነ ማንም አይጠጋም፤ በዚያ ሰዓት ትንሽ ኮሽታ ወይም ብርሃን ካስደነገጣት ሥራዋን ትታ ወደ ባሕር ትመለሳለች።

አቆፋፈሯ የሚደንቅ ነው። በመጀመሪያ በፊት እግሮቿ አሸዋውን እየበተነች ለሰውነቷ የሚሆን ጎድጓዳ ቦታ ታዘጋጃለች። ከዚያ የኋላ እግሮቿ ተራ ይገባሉ። አንዱ እግር ጫፉን አጥፎ አሸዋ ይዘግናል፣ በቀስታ አውጥቶ ወደ ጎን ያስቀምጣል፤ ቀጥሎ ሌላው ይገባል። ይህን ሁሉ የምታደርገው ጉድጓዱን ሳታየው ነው። እግሯ ወደታች መድረስ ሲያቅተው ታቆማለች። እንቁላል መጣል የምትጀምረው ያኔ ነው። አንዴ ከጀመረች በቀላሉ አታቋርጥም፤ በጎ ፈቃደኞቹ የሚጠጉትም በዚህ ጊዜ ነው። አንዱ ጓንት አጥልቆ ከኋላዋ ይተኛና በእጁ ስር የሚያልፈውን እንቁላል አንድ በአንድ ይቆጥራል። ሌላው ሰዓቱንና ቦታውን ይመዘግባል። ጥላ ጨርሳ አፈር ስትመልስ ደግሞ የቅርፊቷ ርዝመት በሜትር ይለካል፤ መለያ ካላት ቁጥሩ ይነበባል፣ ከሌላት አዲስ ይደረግላታል። ቁስል ካለባትም ይጻፋል። በዚህ ሁሉ መካከል ከዓይኗ ወፍራም ፈሳሽ ይወርዳል። የመጀመሪያ ቀን ያየ ሰው አለቀሰች ይላል። ሆኖም ከባሕር ውሃ የገባባትን ትርፍ ጨው ዓይኗ አጠገብ ባለ ዕጢ እያስወጣች ነው።

አሁን ደግሞ ስለ ሦስት ቁጥሮች ልንገራችሁ፤ የዚህን ሥራ ጠባይ ከምንም በላይ የሚያሳዩት እነሱ ናቸው። ለጥናት የተመረጠ ጎጆ፣ ማለትም እንቁላሉ የተቀበረበት ጉድጓድ ላይ እንጨት አይተከልም፤ ምልክት ከተተከለ ሌባም ያየዋል። ስለዚህ ከጎጆው ጀርባ ባሉ ተክሎች ላይ ሦስት ሪባኖች ይታሰራሉ። ከእንቁላሉ እስከ እያንዳንዱ ሪባን ያለው ርቀት በሜትር ይለካል። ሦስት መስመር፣ ሦስት ቁጥር። መስመሮቹ የሚገናኙበት ነጥብ ጎጆው ነው። ሁለት ሪባን ይበቃ ነበር፤ ሦስተኛው የታሰረው ከሁለቱ አንዱ በነፋስ ወይም በማዕበል ቢሄድ ተብሎ ነው።

እንቁላሉ ለመፈልፈል 2 ወር ገደማ ይፈጃል። በነሐሴ የለካው ሰው በዚያን ጊዜ አገሩ ገብቷል። በጥቅምት መጥቶ የሚቆፍረው ሌላ ሰው ነው፤ ምናልባት በሕይወቱ የማያገኘው ሰው። በእጁ ያለው ሦስት ቁጥር ብቻ ነው። የመጀመሪያው ሰው ደክሞት፣ ዝናብ መትቶት፣ «ይሁን፣ ተቀራራቢ ነው» ብሎ ቢጽፍ ኖሮ፣ ጎጆው አሸዋ ውስጥ ጠፍቶ ይቀራል። ለእንስሳ ፍቅር ያለው ሰው ብዙ ነው። በሌሊቱ 9 ሰዓት፣ በዝናብ፣ ሜትሩን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ሰው ግን ከዚያ ያንሳል፤ ሥራው የሚፈልገውም ያንን ሰው ነው።

ግልገሎቹ ከወጡ ከጥቂት ቀናት በኋላ ጎጆው ይቆፈራል። የተፈለፈሉት ልጣጮች፣ ያልተፈለፈሉት እንቁላሎች፣ የሞቱት ግልገሎች እየተለዩ ይቆጠራሉ። ሽታው አይጣል ነው። የተበላሸ እንቁላል በእጅ ላይ ሲፈነዳ በጎ ፈቃደኛው ፊቱን ያዞራል እንጂ ቁጥሩን አይዘልም።

(አጭር ሙዚቃ)

እንቁላሉን ቆፍሮ ደኅና ቦታ መውሰድ አይቀልም ወይ የሚል አድማጭ ይኖራል። ማዕበል ሊያጥበው የተቃረበ ጎጆ ካለ አንዳንድ ቦታ ይደረጋል። ግን ሕግ አለው። እንቁላሉ ከተጣለ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ጽንሱ ከቅርፊቱ የላይኛው ክፍል ጋር ይጣበቃል። ከዚያ ወዲያ እንቁላሉ ከተገላበጠ ጽንሱ ተላቆ ይሞታል። የዶሮ እንቁላል የታቀፈች እናት በየጊዜው ታገላብጠዋለች፤ የባሕር ኤሊ እንቁላል የዚህ ተቃራኒ ነው። ስለዚህ ሳይሠለጥን በርኅራኄ የሚያነሳ እጅ ጎጆውን ሙሉ ሊገድል ይችላል።

ሌላው ጉዳይ ሙቀት ነው። የግልገሉ ጾታ የሚወሰነው በአሸዋው ሙቀት ነው። ወደ 29 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ከሆነ ወንድና ሴት ይቀላቀላሉ፤ ከዚያ ሲሞቅ ሴቶች፣ ሲቀዘቅዝ ወንዶች ይበዛሉ። ጥቁር አሸዋ ደግሞ ፀሐይን አብዝቶ ይይዛል። የዓለም ሙቀት በጨመረ ቁጥር ወንዶች እንዳይመናመኑ የሚሰጋውም ለዚህ ነው። በአሸዋው ውስጥ የሙቀት መለኪያ ቀብሮ ማንበብም ስለዚህ ከሥራው አንዱ ሆኗል።

ሦስተኛው ብርሃን ነው። ግልገሎቹ የሚወጡት አሸዋው ሲቀዘቅዝ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት ነው። ከወጡ በኋላ ወደ ብሩሁ አድማስ ይሮጣሉ፤ በተፈጥሮ ብሩሁ አድማስ ባሕሩ ነው። ከኋላቸው የሆቴል መብራት ካለ ግን ወደ ሆቴሉ ይሄዳሉ፤ ሲነጋም ፀሐይ ያደርቃቸዋል። ይህ ችግር ባለባት፣ ዛኪንቶስ በምትባለው የግሪክ ደሴት አርኬሎን የተባለው ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ ይሠራል። የዚያ በጎ ፈቃደኞች ሥራ ከሰውም ጋር ነው፤ ማለዳ ዱካና ጎጆ ይቆጥራሉ፣ ቀን ደግሞ ለጎብኚው ጃንጥላውን የት እንደሚተክል፣ ማታ ለምን ከባሕር ዳርቻው መውጣት እንዳለበት ያስረዳሉ።

(አጭር ሙዚቃ)

ይህ ሁሉ ድካም ምን አመጣ? ቶርቱጌሮ ላይ የተሰበሰበው መዝገብ እንደሚያሳየው፣ እ.ኤ.አ. ከ1971 እስከ 2003 ባለው ጊዜ የጎጆዎች ቁጥር ከ4 እጥፍ በላይ ጨምሯል። በዚያ ዘመን ማብቂያ በዓመት በአማካይ ከ100 ሺህ በላይ ጎጆ ይቆፈር ነበር። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 ደግሞ የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት አቡዳቢ ላይ ባደረገው ጉባኤ አረንጓዴ የባሕር ኤሊን ለመጥፋት ከተጋለጡት መዝገብ አውጥቶ ሥጋቱ ዝቅተኛ ከሆነው ምድብ አስገብቷታል። በዓለም ደረጃ ቁጥሯ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ወዲህ 28 በመቶ ያህል መጨመሩ ተገልጿል።

ነገር ግን ያው የቶርቱጌሮ መዝገብ ሌላም ነገር ይናገራል። በቅርብ ዓመታት እዚያ ያለው የጎጆ ቁጥር እያሽቆለቆለ ነው። በዓለም ደረጃ ደስ የሚል ዜና በተሰማበት ጊዜ፣ ይህቺ ቦታ የማስጠንቀቂያ ምልክት እየሰጠች ነው። ይህን ማወቅ የተቻለው ቆጠራው በመልካሙም በክፉውም ዘመን፣ በአንድ ዓይነት ዘዴ፣ ሳይቋረጥ ስለተያዘ ነው። ኤሊዎቹ ሲበዙ «አሁንማ ደኅና ናቸው» ተብሎ ቢቆም ኖሮ ዛሬ ጉድለቱን የሚያይ አይኖርም ነበር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንላለን። እዚህ ግን ሃምሳው ሰው በአንድ ቀን አልተገናኘም፤ ሎሚውን በዘመን ተከፋፍለው ነው የተሸከሙት።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ተግባሩ። በውጭ አገር የምትኖሩና በዚህ ሥራ ለመሳተፍ የምታስቡ አድማጮች ትኖራላችሁ። አስቀድማችሁ እወቁት፤ አብዛኛው ፕሮግራም ለበጎ ፈቃደኛው አይከፍልም፤ እንዲያውም በጎ ፈቃደኛው ለመኝታ፣ ለምግብና ለሥልጠና ራሱ ይከፍላል። «ሠርቼ ደግሞ ልክፈል?» ማለት ተገቢ ጥያቄ ነው። ገንዘቡ የመሪዎቹን ደመወዝና የጣቢያውን ወጪ የሚሸፍን ከሆነ ሥራውን ያስቀጥለዋል። ያን ለማወቅ ግን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከመመዝገባችሁ በፊት አራት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ የክፍያው ድርሻ ወዴት ይሄዳል? ሁለተኛ፣ የአካባቢው ሰው ደመወዝተኛ ነው ወይስ ተመልካች? ቶርቱጌሮ ላይ ጎብኚን ወደ ኤሊ የሚወስደው ፈቃድ ያለው አስጎብኚ ነው፤ ከኤሊ ገበያ ይተዳደር የነበረ መንደር ዛሬ በሕይወት ካለችው ኤሊ እንጀራ ያገኛል። ይህ ባይሆን ኖሮ ጥበቃው አይዘልቅም ነበር። ሦስተኛ፣ የምትሰበስቡት መረጃ ለማን ይሰጣል? ከመንግሥት ፈቃድ አላቸው? አራተኛ፣ ግልገሎቹን በገንዳ ያቆያሉ? ለጎብኚ ፎቶግራፍ ሲባል ግልገል በገንዳ የሚያቆይ ቦታ ካገኛችሁ ተጠንቀቁ። ግልገሏ ስትወጣ በውስጧ የቀረው የአስኳል ስንቅ ከጠረፍ እስክትርቅ የሚያደርሳት ነው፤ ገንዳ ውስጥ ስትዋኝ ስንቋን ጨርሳ ነው ባሕር የምትገባው።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች የምትኖሩ ደግሞ ኦማን ውስጥ ራስ አል ጂንዝ የሚባለው የተጠበቀ ቦታ ይህችኑ አረንጓዴ ኤሊ በአስጎብኚ መሪነት ሌሊት ማየት የሚቻልበት ነው። በጎ ፈቃደኛ ሳትሆኑም መብራት አለማብራትና ከመሪው አለመቅደም በራሱ ጥበቃ ነው።

በአገር ውስጥ ላላችሁስ? ባሕር የለንም፤ በዘዴ መቁጠር ግን ባሕር አይጠይቅም። እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር በአፍሪካ የውሃ ወፎች ቆጠራ ውስጥ ይሳተፋል፤ ቆጠራው በጥር ወር ገደማ በመላው አህጉሪቱ የሚደረግ ነው። የስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ከአውሮፓና ከእስያ ብርዱን ሸሽተው የሚመጡ ወፎች ማረፊያ ናቸው። እዚያም የሚፈለገው ሰው ቶርቱጌሮ ላይ ከሚፈለገው አይለይም፤ ማለዳ የሚነሳ፣ ያየውን ብቻ የሚጽፍ፣ ያላየውን የማይገምት።

እንግዲህ እንደ ልማዳችን ሦስት ጥያቄዎችን ትተንላችሁ እንሰናበታለን። መምህራን በክፍል ውስጥ ልትጠቀሙባቸው ትችላላችሁ። አንድ፣ የባሕር ኤሊ እንቁላል ከተጣለ ከሰዓታት በኋላ መገላበጥ የሌለበት ለምንድን ነው? ሁለት፣ ከኒካራጓ የተመለሱት መለያዎች ስለ ጥበቃ ምን አስተማሩ? ሦስት፣ በአካባቢያችሁ በየዓመቱ በተመሳሳይ ጊዜና ዘዴ ሊቆጠር የሚገባው ወፍ፣ ዛፍ ወይም ምንጭ የትኛው ነው? የሦስተኛውን መልስ በደብተር ላይ ከቀኑ ጋር ጻፉት፤ በሚመጣው ዓመት በዚያው ቀን የሚቆጥረውንም ሰው ከአሁኑ ምረጡ። ሰላም ሁኑ።

(የመለያው ሙዚቃ ከፍ ይላል)